አብሽር፣ አብሽሪ፣ አብሽሩ

ፍላሿ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ጥቁር ናት፤ ጫፏ ላይ ግን ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብታለች። ባለፈው ሐሙስ ከቁም ሳጥኑ ግርጌ የከረመ ወፍራም ጃኬቴን አውጥቼ ኪስ በኪስ ስበረብር ከውስጥ ኪሱ አገኘኋት። አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ አሸተትኳት። ፍላሽ ደግሞ ምን ይሸታል ትለኝ ይሆናል። ይቺ ግን የቆየ ወረቀትና በረኪና ትሸታለች፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ቀለሙ በግማሽ ተላልጧል። ጃኬቱን ያስፈተሸኝ ብርድ አይደለም፣ ስልክ ነው፤ የስልኩን ነገር መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሰባት ወር ያህል ወረኢሉ እናቴ ቤት ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። መካነ ሰላም ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ እንደሚፈልግ የነገረኝ የአውቶቡስ ረዳት ነው። የክሊኒኩን ስም ልተወው። የደረስኩ ቀን ከተማው ጉም ለብሶ ከመናኸሪያው ማዶ ያለው አስፋልት እንኳ አይታይም ነበር፤ የሚሰማው የባጃጅ ጡሩምባና የሆነ ሱቅ የከፈተው የመንዙማ ድምፅ ብቻ ነው። ዲግሪዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ይዣለሁ። ባለቤቱ ዶክተር ዲግሪዬን ሳያዩት ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ወሰዱኝና ኮምፒውተሩን አሳዩኝ።

«ይኸውልህ። ልጁ የሠራው ነው። እሱ ያውቀው ነበር» አሉኝ።

ይቺን «እሱ ያውቀው ነበር» የምትል ነገር ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አትጠይቀኝ። ልጁ የሚሉት ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው። መጀመሪያ የተቀጠረው ካርድ አመላላሽ ሆኖ ነው፤ የበሽተኛ ካርድ ከመደርደሪያ እያወጣ ለሐኪሞቹ የሚያደርስ። ከዚያ በዶክተሩ አሮጌ ላፕቶፕ ራሱን አስተምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ ክሊኒኩን የሚያንቀሳቅስ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ጻፈ። ምዝገባው፣ ወረፋው፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ በእሱ ነው የሚሠራው። ጽፎ ሲጨርስ ወይም ሲሰለቸው፣ አላውቅም፣ ወደ አረብ አገር ሄደ። ስለ ፕሮግራሙ አንዲት ገጽ ማብራሪያ አልተወም። ስልኩም አይሠራም።

ኮዱን ስከፍተው ፈዝዤ ቀረሁ። ከአሥር ሺህ የሚበልጥ መስመር፣ በአንድ ፋይል ውስጥ፣ ያለ አንዲት የማስታወሻ ቃል። መድኃኒት ቤቱን የሚቆጣጠረውን ክፍል «ጎተራ» ብሎታል። የላቦራቶሪው ስም «ጓዳ» ነው። መብራት ሲጠፋ መረጃው እንዳይጠፋ የሚያደርገው ደግሞ «ጃንጥላ»። ሁሉም በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ያስተማሩን መምህር ቢያዩት ራሳቸውን ይይዙ ነበር። እኔም በልቤ ናቅኩት፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ነቀነቅኩ። በሦስተኛው ቀን የማትረባ የመሰለችኝን አንዲት መስመር ባጠፋ ወረፋው ተገለበጠና መጨረሻ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይጠራ ጀመር። ከንጋት ጀምረው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ቢሮዬ ድረስ መጡ። መስመሯን መለስኳት። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ፣ እንድሰማው አድርጎ፣ «ያ ልጅ እያለ እንዲህ ያለ ነገር የታለና» አለ።

ቀናሁ። እንዳልዋሽህ፣ ሰው በሌለ ሰው እንዲህ መቅናት እንደሚችል አላውቅም ነበር። የምቀመጠው በእሱ ወንበር ነው፤ አንድ እግሩን በሽቦ አስሮታል። ሰዓቱ ሲደርስ ሻይ የሚመጣልኝ በእሱ ብርጭቆ ነው፤ ስኳሩም የእሱ ልክ ነው፤ ሦስት። እኔ አንድ ነው የምጠጣው፤ አልተናገርኩም። ከበሩ ኋላ አንድ ምስማር ነበር፤ የእሱ ሰማያዊ ጋውን ተሰቅሎበታል። መጀመሪያ ቀን ጃኬቴን እላዩ ላይ ልሰቅል ስል ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ሴት እጄን ያዘችኝ።

«ተው አንተ ልጅ፣ የእሱ ቦታ ነው» አለችኝ።

እሷ እንግዲህ ካርድ ክፍሉን ብቻዋን የያዘች ናት። ከእኔ በአምስት ዓመት ትበልጣለች። አረብ አገር ኖራ የተመለሰች ናት፤ አውራ ጣቷ ላይ የካውያ ቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ ጥፍሮቿን ግን ሁልጊዜ ቀይ ትቀባለች። ስትስቅ አፏን በካርድ ትሸፍናለች። መደርደሪያዎቹ መሀል ስትሄድ በትናንሽ መስኮቶቹ የሚገባው የከሰዓት ብርሃን አቧራውን ያሳያል፤ እሷም በዚያ ውስጥ እየጠፋች ትወጣለች። በሁለተኛው ሳምንት ወደድኳት። በሦስተኛው ሳምንት እሷ የምታወራው ስለ እሱ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። እሱ እኮ ኮምፒውተሩን ሲቆጣው ይሰማው ነበር። እሱ እኮ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ መቶ ካርድ በቃሉ አወጣ። እሱ እኮ፣ እሱ እኮ። እኔ «አንተ ልጅ» ነኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «አብሽር» ነበር። በእኛ አገር ላዘነም ለታመመም፣ በግ ለጠፋበትም አብሽር ይባላል፤ አይዞህ፣ መልካም ይሆናል እንደማለት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። በፕሮግራሙ የበሽተኛ ስም ተጽፎ ካርዱ ወዲያው ሳይገኝ ሲቀር፣ ስክሪኑ መሀል ላይ በትልቁ «አብሽር» የሚል ይወጣል። ሴት ከሆነች «አብሽሪ»፤ በዕድሜ ለገፉ ደግሞ በአክብሮት «አብሽሩ»። ሦስት አራት ሰከንድ ይቆያል፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ የካርዱ ቁጥር ይመጣል። ሰዉ ወዶት አይጠግብም። የተሰለፉት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ ሴቲቱ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፣ አሮጊቶቹ ኮምፒውተሩን ይመርቃሉ። ምርቃቱ ለማን እንደሚደርስ አስበው እስቲ። ጠዋት ማታ እሱን ሲመርቁ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ዶክተሩ መጥተው «ይሄ ነገር ይዘገያል፤ እስቲ አፍጥንልን» አሉኝ። ልቤ ዘለለ። የሚዘገይበትን ቦታ አውቄዋለሁ። አብሽር ነው። ልጁ ሰው ለማሳቅ ብሎ ኮምፒውተሩን አራት ሰከንድ ያስቆመዋል ብዬ ደመደምኩ። ከአብሽር በስተጀርባ የተጻፈውን ኮድ አየሁት፤ ረጅም ነው፤ በራሱ ላይ እየዞረ የሚመለስ፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ የሚሉ ፊደሎች የተደረደሩበት፣ መያዣ መጨበጫ የሌለው። አንድ ሳምንት ተቀምጬ ባነበው ይገባኝ ነበር። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉትን ማን ሰምቶ!

በስተመጨረሻው አንድ ሰንጠረዥ ነበር። ርዕስ የለውም። በግራም በቀኝም የሴት ስም የተጻፈባቸው ረድፎች ናቸው። አንደኛው መስመር ላይ በግራ በኩል የካርድ ክፍሏ ሴት ስም አለ፤ ከነአባቷ። በቀኝ በኩል ሌላ ስም፤ የሚያምር፣ ለስላሳ፣ እዚህ አገር ማንም ሲጠራት ያልሰማሁት ስም። ትክ ብዬ አየሁት። የቁልምጫ ስም ነው ብዬ አሰብኩ። እሱ ያወጣላት፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ የሚጠራት። ከእሷ ሥር ያሉት ደግሞ ሌሎች ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው ከቁልምጫቸው ጋር። ለካስ ሰውየው ይሄንንም ጨዋታ ያውቅበታል አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ፤ ያቺ ስም ደግሞ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

ሐሙስ ዕለት ሴቲቱ ማሻ ከተማ ለቅሶ አለብኝ ብላ ሄደች፤ ማክሰኞ ትመለሳለች። በእሷ ቦታ ከመድኃኒት ቤት አንዲት ልጅ ተተካች። እኔም አርብ ጠዋት አብሽርን ዘጋሁት። በቦታው «መረጃው አልተገኘም» የሚል ጻፍኩ። ጥርት ያለ የቢሮ አማርኛ፤ ደስ አለኝ። ፕሮግራሙ በረረ። ዶክተሩ ቆመው አይተው «አሁን ገና ባለሙያ አገኘን» አሉ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል። ከሰዓት፣ ገሚሱ ሠራተኛ ለጁምዓ ሄዶ ግቢው ጭር ባለ ጊዜ፣ የአብሽርን ኮድም ሰንጠረዡንም ከሥሩ አጠፋሁት። «ጥቅም ላይ የማይውል» አልኩ ለራሴ። ከዚያ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥባትን ፍላሽ ከካርድ ክፍሏ ሴት መሳቢያ አወጣሁ። እንዳትጠፋ ብላ የጥፍር ቀለሟን የቀባቻት እሷ ናት። አዲሱን በአሮጌው ላይ ገለበጥኩበት። ሌላ ቅጂ መኖሩን አልጠየቅኩም፤ አልነበረምም።

ቅዳሜ አዲስ ካርድ የሚከፈትለት ሰው በዛ። ገበያ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አንዲት ወጣት በባጃጅ መጣች። ከሳዑዲ ከተመለሰች ወር አልሞላትም፤ ብቻዋን ናት፤ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል፤ ጉሮሮዋ አብጦ ቃል ከአፏ በጭንቅ ነው የሚወጣው። ስም ስትባል ፓስፖርቷን ሰጠች። ተተኪዋ ልጅ በፓስፖርቱ ያለውን ጻፈች። መረጃው አልተገኘም። አዲስ ካርድ ከፈተችላት። ነርሷ መርፌ የማይስማማት እንደሆነ ብትጠይቃት ጭንቅላቷን በአሉታ ነቀነቀች። እንደ ደንቡ ለሙከራ ከመርፌው መድኃኒት ትንሽ ጠብታ ከቆዳዋ ሥር ሰጧት። ያቺው ጠብታ በቃቻት። ፊቷ አበጠ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ሆነ። የሩጫው ኮቴ፣ የብረት ትሪ መሬት ሲወድቅ የሰጠው ድምፅ፣ የዶክተሩ «ፍጠኑ! ፍጠኑ!» ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

እሷን ለማትረፍ ሲረባረቡ እናቷ ደረሱ። አልጋው አጠገብ ያለውን መርፌ ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ያ ረቢ! በልጅነቷ እዚሁ ሊገድላት አልነበር! ካርዷ ላይ በቀይ አልጻፋችሁላትም ወይ?» አሉ። ካርድ የላትም ስንላቸው «እንዴት የላትም!» ብለው ሙሉ ስሟን ተናገሩ። በፓስፖርቱ ያለው ስም አልነበረም። ወደ ኮምፒውተሩ ሮጬ ጻፍኩት። ቁጥሩ ወዲያው መጣ። ካርዱ ከመደርደሪያው ወጣ፤ ጠርዙ አይጥ የበላው፣ ቢጫ የሆነ፤ ፊቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የመርፌው ስም ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል።

በግራ አንድ ስም፣ በቀኝ ሌላ ስም። ያኔ ነው የገባኝ።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ዐይኗን ገለጠች። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እናቷ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ አዩኝ። ምን እንዳደረግኩ አያውቁም። የፈራ ልጅ ብቻ ነው ያዩት። «አፉ በሉኝ እማማ» አልኳቸው። ምኑን ብለው አልጠየቁኝም፤ ትከሻዬን ነካ አድርገው «አብሽር ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ ተርፋልኛለች» አሉኝ። ያጠፋሁትን ቃል በገዛ አፋቸው መለሱልኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ብዙ ጊዜ የምናገረው እዚህ ድረስ ነው፤ ጥፋቱን ጥፋቴ ብዬ፣ አልቅሼ። የሚያሳፍረኝን አንዱን ግን እዘለዋለሁ፤ ዛሬ አልዘለውም። ማምሻውን ዶክተሩ ጠርተው ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁኝ «የድሮው ልጅ አሠራር ነው ችግሩ፤ ዝርክርክ ነው» አልኳቸው። እንደዚያ አልኩ። እንጀራዬን ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ በክፉ ሲነሳ መስማት ስለፈለግኩ ነው። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እሱ እንዲህ አይሳሳትም ነበር» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት የካርድ ክፍሏ ሴት ተመለሰች። ጥቁር ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አንድ ስም ጻፈች፤ ጠበቀች። «መረጃው አልተገኘም» አላት።

«የት አደረስከው?»

«አጠፋሁት።»

«ሰንጠረዡንም?»

መሳቢያዋን ከፍታ ፍላሿን አወጣች። ዐይኔን ስታይ ፍላሿን ሳትሰካት መልሳ አስቀመጠቻት። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። «እኛ ስንሄድ ስማችንን እዚህ ትተን ነው የምንሄደው። ደላላው የፈለገውን ይጽፋል። ማርያም ማርያም ስትል ያደገችው በእስላም ስም ትሄዳለች፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ሃያ ሰባት ትባላለች። ዓመታት በዚያ ስትጠሪ ኖረሽ ስትመለሺ የትኛዋ እንደሆንሽ አንቺም ይጠፋሻል» አለችኝ፤ እኔን ሳይሆን ራሷን የምታናግር ይመስል በሴት አንቀጽ። ሴቶቹ ሲሄዱም ሲመለሱም ሁለቱን ስማቸውን የሚነግሩት ለእሷ ብቻ ነው፤ እንደነሱ ስለሄደች። እሷ ለልጁ ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፈዋል። አብሽሪ ማለት በዚያኛው ስም የመጣችውን በዚህኛው መፈለግ ነው። አብሽርና አብሽሩ ደግሞ በሐመሩ ሐ የተጻፈውን በሃሌታው ሀ፣ ሰይድን በንጉሡ ሠ፣ ኢድሪስን እንድሪስ እያሉ መፈለግ ነው። አራቱ ሰከንድ የቀልድ አልነበረም።

«ማጥፋቱን ይሁን» አለችኝ ስትነሳ። «አታውቅም ነበር። ሰውን በሌለበት ማማትህ ግን ምን ይባላል? መልስ ሊሰጥህ የማይችልን ሰው?»

ዶክተሩ ጋ ገብቼ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ዕቃዬን ልሰበስብ ተዘጋጅቼ ነበር። «ያጠፋኸውን መልስ። ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንበትም።

አብሽርን መልሼ ለመጻፍ አንድ ወር ፈጀብኝ። የእሱ አሮጌ ኮድ አንድ ግማሹ ወረቀት ላይ ታትሞ ተገኘ፤ የመድኃኒት መጠቅለያ ሆኖ። መስመር በመስመር ሳነብ ንቀቴ እየሟሸሸ ሄደ። ቅናቴ ግን አልሟሸሸም፤ እንዲያውም አሁን ምክንያት አገኘ። ሰውየው ፊደል የሚያምታታውን ገበሬ፣ ስሟን የምትደብቀውን ልጅ፣ ቆሞ የሚጠብቀውን ሽማግሌ፣ ሁሉንም አስቦ ነው የጻፈው። እኔ በዲግሪዬ አንድም ሰው አስቤ አላውቅም ነበር።

ሰንጠረዡ ግን የሚገኘው ከእሷ ብቻ ነው። በየሰፈሩ እየዞረች ሴቶቹን እንደገና ጠየቀቻቸው። «ፋይሉ ተበላሸብን» ነው ያለቻቸው፤ ያበላሸውን አልተናገረችም። ከዚያ በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወንበር ስባ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እሷ በሹክሹክታ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ፀሐይዋ ወደ አባይ በኩል ስታዘቀዝቅ መደርደሪያዎቹ ቀይ ይሆናሉ፤ የውጭው ንፋስ የባሕር ዛፉን ሽታ ያመጣል። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ሥራ የለም። አንዳንዴ እያወቅኩ እዘገይ ነበር፤ ፊደል የጠፋኝ መስዬ አስደግማት ነበር። እሱም እንዲህ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር እያልኩ ደግሞ በዚያው ቅጽበት እንገበገባለሁ።

የመጨረሻዋን ሴት ከጻፍን በኋላ ወደ ላይ ተመለስኩ። ሁለት ቁጥር ብለን ነበር የጀመርነው።

«አንድ ቁጥርስ?» አልኳት። ማን እንደሆነች እንደማላውቅ ሆኜ።

የፍላሿን ቀለም በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። «ያን እኔ አይደለሁም ያስጻፍኩት» አለች። «እሱ ነው ጠይቆኝ ራሱ የጻፈው። የኔ ነው። ይቅር፤ እዚህ ሁሉም በቤት ስሜ ያውቀኛል።»

በግራ በኩል ስሟን ጻፍኩ። ቀኙን ባዶ ተውኩት። ስሙን አውቀው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ እሾኽ ተሰክቷል፤ ጣቴን ባሳርፍ ራሱ ይጻፍ ነበር። አልጻፍኩትም። ስላላዘዘችኝ ነው እንዳልልህ፣ እንዲያ ነው ስል የኖርኩት ለዓመታት፤ ለራሴም ጭምር። እውነቱ፣ እሱ የጻፈውን ስም በእጄ ልጽፍ አልፈለግኩም።

በሁለተኛው ዓመት ተመልሳ ሄደች። ሰኞ ስገባ ካርድ ክፍል ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ጠረጴዛዬ ላይ ፍላሿ አዲስ ቀይ ተቀብታ ተቀምጣለች፤ ደብዳቤ ምናምን የለም። እሱ ዘንድ ሄደች የሚሉ ነበሩ፤ የለም፣ የወንድሟን ትምህርት ልታስጨርስ ነው የሚሉም ነበሩ። እኔ ወደ በሩ ኋላ ነው ያየሁት። ሰማያዊው ጋውን የለም። ምስማሩ ባዶውን ነው። ጃኬቴን እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ፤ መጨረሻ ላይ ወንበሩ ላይ ጣልኩት። ክሊኒኩን እስክለቅ ድረስ ምስማሩ ላይ ምንም አልሰቀልኩም።

እኔም ስለቅ ማብራሪያ አልተውኩም። ተሳደብ ብትፈልግ። ከሰንጠረዡ በላይ «አትንኩት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ጽፌ ወደ ደሴ ወጣሁ፤ አሁን ሚስትም ልጅም አለኝ፣ ሥራዬም ደህና ነው።

ያን ስልክ የደወለችልኝ እንግዲህ አዲሷ ባለሙያ ናት። ጀማሪ ናት፤ ድምፅዋ ላይ የራሴን ፍርሃት ሰማሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎት ነው» አለችኝ። «አብሽሪ የሚል ነገር አለ። ሰንጠረዡ ላይ አንደኛው መስመር በቀኝ በኩል ባዶ ነው። የተበላሸ መሰለኝ፤ አትንኩት ስለሚል ፈርቼ ነው እንጂ ላጠፋው ነበር።»

ይሄን ማን የጻፈው መሰለሽ ልላት ነበር፤ ተውኩት። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁና ጃኬቱን አወጣሁ፣ ፍላሿን ሰካኋት። እውነትም ባዶ ነው። ሳየው በእሷ ሳይሆን በራሴ አፈርኩ። ስምንት ዓመት። የካርድ ክፍሏ ሴት አሁን አርባ እየተጠጋች ነው፤ የካርድ ክፍሉ ሰው ሁሉ ተቀይሯል፤ በቤት ስሟ የሚያውቃት የለም። አንድ ቀን ታማ ብትመለስ፣ በዚያኛው ስም ፓስፖርቷን ብትሰጥ፣ እሷ ራሷ ስትሠራበት የኖረው ኮምፒውተር «አልተገኘችም» ይላታል። ያንን ባዶ ያኖርኩት እኔ ነኝ፣ በቅናት።

ለባለሙያዋ ልጅ መልሼ ደወልኩላት። «አታጥፊው፤ ጻፊ» አልኳት። ስሙን ነገርኳት። ላንተ አልነግርህም፤ ሁለቱንም ስሟን ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው፣ አሁን አራት። ጮክ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀላል ስም ነው፣ አፍ ላይ ይቀልጣል። ልጅቷ ቁልፎቹን ስትነካ ይሰማኛል። ቆም አለች።

«ጋሼ፣ በሐመሩ ሐ ነው በሃሌታው ሀ?»

«በፈለግሽው ጻፊው» አልኳት። «እሱ ያገኛታል።»